የተረኛው ዋንጫ

በጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል ቀን፣ ቆሰበር ላይ ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ከአገሩ የተጣላ ነው ወይ ፈረስ አይወድም። ፋና ቢሻው ግን ሁለቱም አይደለችም። መድኃኒት ቤቷን የከፈተችው በዚህ ቀን ከፈረስ ወድቆ የሚላላጥ ሰው ስለማይጠፋ፣ ፋሻ የሚሸጥ አንድ ሰው እንኳ ይኑር ብላ ነው። ከሰዓት ዘግታ የአባቷን ግልቢያ ለማየት አስባ ነበር።

ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መደርደሪያውን ስትወለውል እናቷ ምሥራቅ ገባች። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ፊቷ ፈክቷል።

«ያችን የአባትሽን ኪኒን ስጭኝ» አለች ገና ከበሩ።

«የትኛዋን?»

«ሌላ የቱ አለና! የእጁን ነዋ። አልቋል።»

ፋና መወልወያውን አስቀመጠች። «እንዴት ያልቃል እማዬ? እስከ መጋቢት የሚያደርስ እኮ ነው የሰጠሁት።»

«አለቀ አልኩሽ። የተረፈችውን ዛሬ ጧት አንድ ላይ ውጦ ሄደ።»

«አንድ ላይ? ስንት ስንት ነው ታዲያ የሚውጠው?»

ምሥራቅ ልጇ ለምን እንደደነገጠች አልገባትም። እንዲያውም የምታወራው ነገር ደስ ያሰኛት ነበር። «ከጥምቀት ወዲህ እኮ ሁለቱም እየተቀለቡ ነው» አለች። «ለዳማ ፈረሱ ገብሱን እጥፍ አደረገለት፣ ለራሱም ኪኒኑን። ፈረስ ለበዓል ካልተቀለበ ሜዳ ላይ ያዋርዳል፣ እኔም እንደዚያው ነኝ አለኝ። ኋላ እጁ ረጋ ሲልለት ጊዜ ጨመር ጨመር አደረገ። አሁን ብታይው! ውኃ ሞልተሽ ብትሰጭው ጠብ አያደርግም።»

«ራሱን አላመመውም?» አለች ፋና፣ ድምጿ ሰልሎ።

«እሱማ ትናንት ከሰዓት ጎረቤት ገብቶ ጠላ ቀምሶ ነበር፣ መቼስ ቅምሻ ናት። ማጅራቴን ፈለጠኝ፣ ልቤም መታብኝ አለ። አፍንጫውንም ነሰረው። ፀሐይ ነው ብለን ውኃ አፈሰስንበት።» ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ምነው? ምን አጠፋን?»

አባቷ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ባሕር ዳር ያለ የነርቭ ሐኪም ፓርኪንሰን ነው ብሎ ሰለጂሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘላቸው። ይህን ከእሳቸው፣ ከሚስታቸውና ከልጃቸው በቀር አገር ውስጥ ነፍስ አያውቅም። አቶ ቢሻው በፈረሰኛ ማኅበራቸው ውስጥ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ልጓም ያዝ አይባልም። ስለዚህ ሰው ፊት እጃቸውን ከጋቢያቸው አያወጡም ነበር፤ ሰውም ኩራት ይመስለው ነበር።

በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እጅና እግር እንደ ልብ እንዲታዘዝ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ሰለጂሊን ያንን ኢንዛይም ያግዳል። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሲበዛ ግን አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለውን የኢንዛይሙን ወንድም ጨምሮ ያስረዋል። ይህ ወንድምየው ደግሞ እንደ ጠላ ባለ የፈላና የሰነበተ ነገር ውስጥ የሚገኘውን፣ የደም ግፊትን ሽቅብ የሚያስወነጭፈውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ሳይገባ የሚያስቀር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከታሰረ አንድ ዋንጫ ጠላ የአንጎልን ደም ሥር ሊበጥስ ይችላል። ትናንት በቅምሻ ማጅራታቸውን ከፈለጣቸው ዘበኛው ታስሯል ማለት ነው። ዛሬ ጧት ደግሞ ጨምረውበታል።

ዛሬ ደግሞ ተረኛ ናቸው። የማኅበራቸው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ከግልቢያ በኋላ የዓመቱ ደጋሽ የጊዮርጊስን ጽዋ በማኅበሩ መሪ በሙሴው እጅ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ተረኛው እስከ አፉ የተሞላ የጠላ ዋንጫ በቀኝ እጁ ተቀብሎ፣ ፈረሰኛው ሁሉ እያየው፣ አንድም ጠብ ሳያደርግ ይጨልጣል። እስኪቀበል ድረስ እህልም ጠላም አይቀምስም። አልጠጣም ማለት የለም። ጽዋን መግፋት ጊዮርጊስን መግፋት ነው።

አባቷ ያን ሁሉ ኪኒን የዋጡት ለዚያች ዋንጫ ነበር።

«ስልክ ደውይለት እማዬ!»

ምሥራቅ ከብብቷ የባሏን ስልክ አወጣች። «ሲጋልብ እንዳይወድቅበት ለኔ ሰጥቶኝ ነው የሄደ።»

ፋና የማኅበሩ ሙሴ ወደሆኑት ወደ አቶ ይኸነው ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደገመችው፤ የለም። በበዓል ቀን መቼ ኖሮ ያውቃል! የግፊት መለኪያውን ከመሳቢያ መንትፋ «ሱቁን ጠብቂ!» ብላ ጋዋኗን እንደ ለበሰች ወጣች።

ሙነወር ባጃጁን ደጅ አቁሞ መስተዋቱን ይጠርግ ነበር። ከሱቋ ፊት የሚቆም የታወቀ ደንበኛዋ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዕቃ ያመላልስላታል።

«ሙነወር፣ ሜዳው ድረስ! አባቴ ሊሞትብኝ ነው!»

ሙነወር ምን፣ እንዴት፣ ብሎ አልጠየቀም። ጨርቁን ወረወረና ሞተሩን አስነሳ። ዋናውን መንገድ ፈረስና ሰው ሞልቶት ነበር። በጥሩንባ ቢጮህ ማን ሰምቶት፣ በውስጥ መንገድ ልሂድ ብሎ ቢታጠፍ እዚያም አንድ የፈረስ መንጋ ገጠመው። የተሸለሙት ፈረሶች በባጃጁ ድምፅ እየበረገጉ ጆሯቸውን አቆሙ፣ ጋላቢዎቹም ሙነወርን አፍ እንዳመጣላቸው ሰደቡት። ሙነወርም ስድቡን ሳያጓድል መለሰላቸው።

ፋና ከኋላ ወንበር ላይ ተንጠልጥላ የምታስበው ሌላ ነበር። ያን ቀን ባሕር ዳር፣ አባቷ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሐኪሙ ለብቻዋ ያላትን ነው የምታስበው። «እንዲህ ያለው መድኃኒት መንቀጥቀጡን ቀነስ ያደርግላቸዋል» ነበር ያላት። «ኢንዛይሙን ስናግድ የቀሩትን የነርቭ ሴሎች ከሞት እንጠብቃለን የሚል ተስፋም ለብዙ ዓመታት ነበር። በቤተ ሙከራ ጥሩ ነገር ታይቷል። በሰው ላይ ግን አልተረጋገጠም። ባለሙያ ነሽና ነው የምነግርሽ፣ በሽታውን ያቆምልዎታል ብለሽ እንዳትነግሪያቸው።»

ወጥታ አባቷን ስታይ ግን ጎብጠው፣ ግራ እጃቸው ቀኛቸውን ጨምቆ ይዞት አገኘቻቸው። ያ ሰውነት በፈረስ ላይ ሲሆን የሚያስፈራ ነበር። አንጀቷ አልቻለም። «ጠባቂ መድኃኒት ነው አባዬ» አለቻቸው። «የቀረውን ይጠብቅልዎታል። ከዚህ አያልፍም።» እሳቸውም ቀና አሉ። ፋና እስከ ዛሬ በዚያ ቃሏ ራሷን ስታመሰግን ነው የኖረችው። ሰው ጠባቂዬ ያለውን ነገር ሲያበዛው ምን ክፋት ይታየዋል!

«ከዚህ ወዲያ አልችልም» አለ ሙነወር። የሜዳው መግቢያ ላይ ሕዝቡ ግድግዳ ሆኗል። «ሩጭ! ባጃጁን አዙሬ እጠብቅሻለሁ።»

ሮጠች። አንዱ ጫማዋ ከእግሯ ወጥቶ ቀረ፣ አልተመለሰችለትም። ግልቢያው ካሰበችው ቀድሞ አብቅቷል፣ አቧራው ግን ገና አልሰከነም። ከሜዳው ዳር፣ ከዝግባው ሥር፣ የአባቷ ማኅበር ፈረሰኞች ወርደው ልጓም እንደያዙ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ሴቶቹ ከኋላ እልል ይላሉ። እልልታውን ስትሰማ ሩጫዋን ጨመረች፣ ምክንያቱም እልልታ የሚባለው ዋንጫው ሲሰጥ ነው።

በፈረሶቹ መካከል ተሽሎክልካ ገባች። አባቷ ከመሀል ቆመዋል። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ተጥሏል፣ ቀኝ ክንዳቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ራቁቱን ወጥቷል። ፊታቸው ቀልቷል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አቶ ይኸነው በሁለት እጃቸው ይዘው የዘረጉትን ዋንጫ ተቀበሉ። ጠላው ከአፉ ጋር እኩል ነው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«አይጠጡ!»

እልልታው ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ አቶ ይኸነው። «በጽዋ ላይ ይጮኻል?»

አባቷ ግን ምንም አልጠየቋትም። ለምን እንደመጣች ዓይኗን አይተው አውቀዋል። ዓይናቸው እባክሽ አላት። ፋና በዕድሜዋ አባቷ ማንንም እባክህ ሲሉ አይታ አታውቅምና ወኔዋ ፈሰሰ።

«መድኃኒት ... ወስደው ነው አያ ይኸነው» አለች። «የኮሶ መድኃኒት። ጠላ አይሆንላቸውም።»

ክቡ በሳቅ ፈረሰ።

«ኮሶማ ድሮስ በጠላ አልነበር የሚጠጣው!» አለ አንዱ።

«የቆሰበር ሰው ኮሶ ጠጣህ ተብሎ ጠላ ሊከለከል!» አለ ሌላው።

ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አባቷ ነበሩ። እፎይ ያለ ሰው ሳቅ ነው የሳቁት። ዋንጫውን ወደ ከንፈራቸው አነሡ። ፋና በሰከንድ ውስጥ ሁለት ነገር አየች፦ የአባቷን ስም፣ የአባቷን ሬሳ። ጮኸች።

«በሽታ አለባቸው! እጃቸው ይንቀጠቀጣል! ለእሱ የሚወስዱት መድኃኒት በዝቶባቸዋል፣ በላዩ ላይ ጠላ ከጠጡ ይሞታሉ!»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። አቶ ቢሻው ዋንጫውን ከአፋቸው አራቁ። የጉንጫቸው ቅላት ጠፍቶ አመድ መሰሉ። ፋና አሁን ያስቀምጡታል ብላ ጠበቀች። አላስቀመጡትም።

«ማን ነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ።

ክንዳቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ዋንጫውን እንደያዙ ክቡን ዞሩት። በእያንዳንዱ ፈረሰኛ ፊት ቆም እያሉ «እየው» ይላሉ፣ «አንተም እየው።» ሰው ሁሉ ዋንጫውን ሳይሆን ጣታቸውን አየ። ጣታቸው አልተነቃነቀም። ፋና እንኳ፣ ያን እጅ ስንት ጊዜ የእጅጌውን ቁልፍ ቆልፋለት የምታውቀው ፋና እንኳ፣ ልትጠራጠር ምንም አልቀራትም ነበር።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «አባትን በአደባባይ!»

«መድኃኒቱ ነው ያረጋቸው!» አለች ፋና።

«እጅ ያረጋ መድኃኒት እንዴት ሰው ይገድላል?» አሉ አቶ ይኸነው። አልተቆጧትም። እንዲያውም አዝነውላት ክንዷን ያዝ አድርገው «በይ ነይ ልጄ፣ ደክሞሻል፣ ከሴቶቹ ጋ አረፍ በይ» አሏት። መቆጣታቸው ይሻል ነበር።

አባቷ ክቡን ዞረው እሷ ዘንድ ደረሱ። ጠጋ አሏት። በአዊኛ፣ በቤታቸው ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሯት።

«አትፍሪ። ጠባቂዬ ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ይኸው ጠበቀኝ። የጠበቀኝ መልሶ ይገድለኛል?»

ፋና በዚያች ሰዓት ስለ አንጀት ብትነግራቸው፣ ስለ ጉበት ብትነግራቸው፣ ስለ ደም ግፊት ብትነግራቸው እንደማይሰሟት ገባት። ዋንጫው ከከንፈራቸው አንድ ክንድ አይርቅም። ከዚህ በፊት የሰጠቻቸውን ተስፋ መልሳ ከመንጠቅ ሌላ የቀራት አልነበረም። እሷም በአዊኛ መለሰች፣ ግን ድምጿን ዝቅ ማድረግ አልቻለችም፤ በክቡ ውስጥ ደግሞ አዊኛ የማይሰማ አልነበረም።

«አይጠብቅም አባዬ። ዋሽቼዎታለሁ። ይጠብቅ ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነው እንጂ አልተረጋገጠም፣ ሐኪሙ እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪያቸው ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ተቀምጠው ሳይዎ አላስችለኝ ብሎ ነው። መንቀጥቀጡን ነው የሸፈነልዎ። በሽታው ከሥሩ ይሂድ ይቁም የሚያውቅ የለም።»

አቶ ቢሻው ትክ ብለው አዩዋት። ዳማው ከኋላቸው አንድ ጊዜ አሽካካ።

መጀመሪያ የተነቃነቀው አውራ ጣታቸው ነው። ከዚያ ዋንጫው ራሱ። ጠላው በጠርዙ ፈሰስ ብሎ በእጃቸው ወረደ፣ በክንዳቸው ወረደ፣ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሊያቆሙት ጣታቸውን ጨበጡ፣ ባሰበት። በድንጋጤ ይሁን፣ በግፊቱ ይሁን፣ ያ ሁሉ ኪኒን ያላሸነፈው ነገር ሲወጣ ሁሉም አየው።

ማንም አልሳቀም። አቶ ይኸነው ቀስ ብለው መጡና መዳፋቸውን ከዋንጫው ሥር አስገብተው፣ የልጅ እጅ እንደሚፈታ አድርገው የአቶ ቢሻውን ጣቶች አንድ በአንድ ፈቱ። ዋንጫውን ወሰዱ። አጠገባቸው ካለው መሶብ ላይ ከጊዮርጊስ ዳቦ ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ አጎረሷቸው።

«ተቀብሏል» አሉ ወደ ፈረሰኛው ዞረው። «ጽዋው የቢሻው ነው። በዳቦም ይያዛል።»

«ይደርሳል!» ብሎ ክቡ ሁሉ አጸደቀ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቀደም ብሎ ቢያውቅ ኖሮ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበቃ ነበር።

አባቷ ዝግባው ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ተንበርክካ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ማሰር ጀመረች። ቁጥሩን ከሚገባው እጅግ ከፍ ብሎ አገኘችው። ዋንጫውን ቢጠጡት ኖሮ ወዴት እንደሚወጣ ለማሰብ አልደፈረችም።

«አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብን አባዬ። ሙነወር መንገድ ዳር እየጠበቀን ነው።»

«እሄዳለሁ» አሉ። ግን አልተነሡም። «ሐኪሙ ያለሽን መጀመሪያ ንገሪኝ። ሙሉውን። ግማሹን ነግረሽ እያኖርሽኝ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ሙሉውን ሰምቼ ልሙት።»

«በመንገድ ላይ ...»

«እዚሁ ንገሪኝ። ከማን ነው አሁን የምንደብቀው?»

ፋና ቀና ብላ ፈረሰኞቹን አየቻቸው። ፊታቸውን ዞር አድርገው ኮርቻቸውን የሚያስተካክሉ መሰሉ፣ ጆሯቸው ግን እሷ ዘንድ ነበር። ሐኪሙ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መድኃኒቱ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል፣ ምን እንደሚታሰብና ምን እንደማይታወቅ። በሽታው ቀስ እያለ እንደሚሄድ፣ የዓመቱን ልክ ግን ማንም ቆርጦ እንደማይናገር። አባቷ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጧት አዳመጧት።

ስትጨርስ እጃቸውን ወደ ዳማው ዘረጉ። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ። የሚንቀጠቀጠው መዳፋቸው ግንባሩ ላይ አረፈና እዚያው መንቀጥቀጡን ቀጠለ።

«ያን ጊዜ ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ» አሏት፣ «እነዚህን ሁለት ዓመታት ከእጄ ጋር ጋቢ ውስጥ አልቀብራቸውም ነበር። እጋልብባቸው ነበር።»

ፋና መለኪያውን ፈታች። ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው።